በኪሎ ወጥቶ በቤርጋ የሚመለስ ብረት

ከውጫሌ ብየዳ ቤት እስከ ማቅለጫው ምድጃ፦ የኢትዮጵያ የብረት ኢንዱስትሪ ምን ጎደለው?

ከሐይቅ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መኪና ውጫሌ ሲገባ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ከመንገዱ ዳር ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ የብረት ነው፤ የመቁረጫ ዲስክ ጩኸት፣ የመዶሻ ምት፣ ሲር የሚል የብየዳ ድምፅ። በብየዳ ቤቱ ደጃፍ ግማሽ ጎኑ ቀይ የዝገት መከላከያ የተቀባ የላሜራ በር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሞርሳ በተገጠመበት ጠረጴዛ ላይ በያጁ አንድ ቱቦላሬ ለክቶ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ይቆርጣል። የተረፈችውን ከስንዝር ያነሰች ቁራጭ አይጥላትም፤ ነገ ለማጠፊያ ወይም ለመስኮት ፍርግርግ ትሆናለችና ከጠረጴዛው ሥር ካለው ክምር ላይ ይወረውራታል። ከክምሩ ለምንም የማይሆነው ደግሞ ቀኑ ሲደርስ በኪሎ ይሸጣል። ጥቂት ሱቆች አለፍ ብሎ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። ፌሮው በየቁጥሩ ተለይቶ ተጋድሟል፣ ቆርቆሮው ተነባብሯል፣ ሚስማሩ በካርቶን ተደርድሯል። በክምሩ ውስጥ ያለው ቁራጭና እዚህ የተጋደመው አዲስ ፌሮ በባሕርያቸው አንድ ናቸው። የሚለያያቸው አንድ ምድጃ ነው።

የውጫሌ ስም በታሪክ የሚነሣው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር በተፈረመው ውል ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂ አልገጥም ብሎ ነገሩ አድዋ ድረስ ሄደ። በብረት ሥራ ግን ቋንቋው ገጥሟል። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ሞርሳ፣ ባሌስትራ፣ ስታፋ፣ ቤርጋ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ ፌሮ አጥፎ የሚያስረው ባለሙያም ፌራዮ ይባላል። ገበሬው ከአባቱ የወረሳቸው ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያና ዶማ፣ ቀጥቃጩ የሚሠራባቸው ወናፍ፣ መስፍና ጉጠት ግን ስማቸው የራሳችን ነው፤ እዚሁ ተሠርተዋልና። ስማቸው የውጭ የሆነው ተሠርተው የመጡት ናቸው። ሁለቱን የቃላት ጎራ ለያይቶ ያየ ሰው የሀገሪቱን የብረት ታሪክ አየ ማለት ነው። ብረትን ከድንጋይ ለይቶ ማውጣት በዚህ ምድር በጥንት ይታወቅ ነበር፤ በብዛት ወደ ማቅለጥ ግን አልተሻገርንም። ለዚህ ከድህነቱ ያላነሰ ድርሻ ያለው ለባለ እጅ የነበረው ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው።

ስለ ብረት ኢንዱስትሪያችን ሲወራ ሁለት ነገሮች ይደጋገማሉ፤ አንዱ «ገበያው ሰፊ ነው» የሚለው፣ ሌላው «ማዕድኑ እያለን ከውጭ እንገዛለን» የሚለው ቁጭት። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የችግሩን መሐል ይስቱታል። ኢትዮጵያ ዛሬ የጎደላት ተጨማሪ ፌሮ አምራች ፋብሪካ አይደለም፤ ተራራ የሚንድ የማዕድን ማቅለጫም ገና ጊዜው አልደረሰም። የጎደለው ከሁለቱ መካከል ያለው እርከን ነው፤ እዚሁ የተሰበሰበ ውድቅዳቂ ብረትን እዚሁ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ እያቀለጠ ለፋብሪካዎቹ ጥሬ ዕቃ የሚያቀርብ፣ በጥራቱ የሚታመን ማቅለጫ።

መዳመጫው ቆሞ የሚዳመጠው ሲጠፋ

ፌሮ የሚሠራው በሁለት እርከን ነው። መጀመሪያ ብረቱ ቀልጦ ቢሌት ወደሚባል ባለ አራት ማዕዘን ረጅም ጉማጅ ይቀየራል። ቀጥሎ ቢሌቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪግል ተቃጥሎ በተከታታይ ጥንድ ጥንድ መዳመጫዎች መካከል ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር እየቀጠነና እየረዘመ መጨረሻ ላይ ጎድን ጎድን ያለው ፌሮ ሆኖ ይወጣል። ከአቃቂና ቃሊቲ ጀምሮ በዱከም በኩል እስከ ቢሾፍቱ በተደረደሩት የብረት ፋብሪካዎች ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ሁለተኛው እርከን ነው። የቆርቆሮው ነገርም ከዚህ አይለይም። ከውጫሌ ሩቅ ያልሆነው የኮምቦልቻ የብረታ ብረት ፋብሪካ ለወሎ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያቀርብ የኖረ ነው፤ የቆርቆሮው እናት የሆነው ጥቅል ላሜራ ግን መርከብ ተሳፍሮ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ የፋብሪካው ሕይወት በዶላር እጅ ነው። ቢሌቱ ከቱርክ፣ ከዩክሬን ወይም ከቻይና ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል እስኪገባ ድረስ መዳመጫው የሚዳምጠው የለውም። የፋብሪካ ሰዎች ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ከማሽኑ በፊት ስለ ኤልሲ፣ ባንክ ለውጭ ግዢ ስለሚከፍተው የክፍያ ዋስትና፣ የሚያወሩት ለዚህ ነው። ከአቅም በታች መሥራት በዘርፉ እንደ ወረርሽኝ ሳይሆን እንደ መደበኛ የአየር ጠባይ ተቆጥሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፖሊሲው ዶላሩን ከጓዳ ወደ ባንክ ያወጣዋል ተብሎ ነበር፤ ብረት ለሚገዛው ሰው ግን መጀመሪያ የደረሰው የዋጋው ንረት ነው። ውጫሌ ላይ ቤቱን በግማሽ አቁሞ ፌሮው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ዝገት የሚበላው ግንበኛ ስለ ምንዛሪ ፖሊሲ ማንበብ አያስፈልገውም።

«ብረት በቶን ይገዛል፤ ዋጋው የሚቆረጠው ግን በዶላር ነው»

«ማዕድኑ እያለን»

ቁጭቱ መሠረት አለው። በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ቢቅላል ላይ በአሥር ሚሊዮኖች ቶን የሚገመት የብረት ማዕድን አለ። በዋግ ኽምራ ሰቆጣ የብረት ድንጋይ መኖሩ ይታወቃል። የሀገሪቱን የከሰል ድንጋይ ስፍራዎች የሚዘረዝሩ የጂኦሎጂ ሰነዶችም ከጭልጋ፣ ከያዩ፣ ከደልቢና ሞዬ ጋር ውጫሌን ይጠቅሳሉ። ብረት ከሰቆጣ፣ ከሰል ከውጫሌ፣ ምድጃው ኮምቦልቻ፤ ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው የወሎ የብረት ኢንዱስትሪ በአንድ ጀንበር የሚገጣጠም ይመስላል። በደሴው ጦሳ ተራራ ስም የተጠራ ትልቅ የብረት ፋብሪካ በሚድሮክ ታቅዶ ለዓመታት ተስፋ ሲጣልበት መቆየቱም የዚሁ ስሌት ፍሬ ነው።

ድንጋዩ ግን የራሱ ባሕርይ አለው። የቢቅላሉ ማዕድን ከቲታኒየምና ከፎስፎረስ ጋር ተጎራብቶ የሚገኝ ነው። ፎስፎረስ በብረት ውስጥ ሲበዛ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ቲታኒየም ደግሞ በተለመደው ትልቅ ምድጃ ውስጥ አተላውን አወፍሮ አልፈስ ያሰኘዋል። የውጫሌው ከሰል በአመዛኙ ሊግናይት የሚባለው ገና ያልበሰለ፣ እርጥበት የሚበዛበት ዓይነት ነው። ለሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ወይም ለጡብ መተኮሻ ይሆናል። የብረት ምድጃ የሚፈልገው ግን ከሰል ሲጠበስ የሚወጣውን ኮክ የተባለ ጠንካራና ባለ ቀዳዳ ነዳጅ ነው፤ ኮክ ከላይ የተጫነበትን የማዕድን ቁልል ተሸክሞ አየር ያሳልፋል። ሊግናይት ኮክ አይወጣውም፤ ሲጠበስ ይፈረካከሳል። እንግዲህ ድንጋዩ የራሳችን ቢሆንም ኮኩን ከባሕር ማዶ ልናመጣ ነው። አንዱን የዶላር ጥገኝነት በሌላ መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ናይጄሪያ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የጀመረችው የአጃኦኩታ ብረት ፋብሪካ የራሱ ከተማ፣ የራሱ ሐዲድ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ነበረው። ትልቁ የማዕድን ማቅለጫ ምድጃው ግን እሳት ሳይነድበት አርጅቷል። ግብፅ በ1954 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው የሄልዋን ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት የሀገር ኩራት ሆኖ ኖሮ በ2021 እ.ኤ.አ. እንዲዘጋ ተወሰነ። የግብፅ ብረት ግን አብሮ አልሞተም፤ የተፈጥሮ ጋዝና ውድቅዳቂ ብረት በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጠቀሙት ፋብሪካዎች ዛሬም ያመርታሉ። በአንድ ሀገር ሁለት መንገድ ተሞክሮ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ከቆመ፣ ይህ ለእኛ ከማንኛውም የአማካሪ ሰነድ በላይ ይናገራል።

የራሳችንም ትምህርት አለን። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ከመለዋወጫ እስከ ስኳር ፋብሪካ፣ ከዚያም እስከ ሕዳሴ ግድብ የብረት ሥራ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሸከመ። የግድቡ ሥራ በ2010 ዓ.ም. ከእጁ ወጣ። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው እንደ ሙስና ጉዳይ ነው። ከኢንዱስትሪው አንፃር ግን እኩል የሚያሳዝነው የብዙ ወጣት መሐንዲሶች ጉልበት ያለ ቅደም ተከተል መባከኑ ነው። መሰላል ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ የመሐሉን ርብራብ ዘሎ የላይኛውን የያዘ ይንጠለጠላል።

ቁራሌው የሚሰበስበው ማዕድን

ውድቅዳቂ ብረት በጥራቱ ከየትኛውም ተራራ ይበልጣል፤ አንዴ ከድንጋይ ተለይቶ የወጣ ብረት ነውና። እሱን ለማቅለጥ ኮክ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ይበቃዋል። በእኛ አቅም የሚተከለው ኢንዳክሽን የተባለው ምድጃ አንድ ቶን ለማቅለጥ በግምት ከ500 እስከ 700 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ኮክ የሌላት ሀገር ወንዟን ነዳጅ ማድረግ ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ድሃ ሀገር ውድቅዳቂ ብረት ከየት ታመጣለች? የሚጣል ብረት የሚኖረው ቀድሞ ብዙ ብረት የገዛ ነው። ውጫሌ ላይ የተሰበረ ማረሻ አይጣልም፤ ቀጥቃጩ ቤት ሄዶ ይሳላል። ያረጀ ባሌስትራ ቢላና መጥረቢያ ይሆናል፤ ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ጠንካራ ብረት መሆኑን ቀጥቃጩ ያለ ቤተ ሙከራ በመዶሻው ምላሽ ያውቃል። ያረጀ ቆርቆሮ አጥር፣ ያረጀ በርሜል ምድጃ ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ክምችታችን ትንሽ ነው። ይሁንና ትንሽ መሆኑ የተሰበሰበ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች፣ በየእርሻና በየግንባታ ድርጅቱ ዝገት የሚበላቸው ማሽኖች፣ በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት በየመንገዱ ዳር የቀሩ የተቃጠሉ ተሽከርካሪዎች አሉ። የመንግሥት ንብረት የሆነው ለመወገድ የሚያልፈው የፊርማ ሰንሰለት ብረቱ ከሚዝግበት ፍጥነት ይዘገያል። ከዚያ የተረፈው ጉድለት በሚገባ ቢሌት መሟላቱ አይቀርም፤ ዓላማው ከውጭ የሚገባውን ዜሮ ማድረግ ሳይሆን ፋብሪካው በኤልሲ መዘግየት ምክንያት ጨርሶ እንዳይቆም ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመሐንዲሶች ይመጣል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። ኢንዳክሽን ምድጃ ያቀልጣል እንጂ ብዙም አያጠራም። ፎስፎረስና ድኝ ገብተው ከሆነ ፎስፎረስና ድኝ ይወጣሉ። ከሞተር ጥቅል ሽቦ ጋር የገባ መዳብ በቢሌቱ ውስጥ ይቀራል፤ ቢሌቱ ግሎ ሲዳመጥም ገጹ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የፌሮው ጥራት የሚወሰነው ምድጃው ዘንድ ብቻ ሳይሆን «ቁራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ወጣት ጆንያውን በሚያራግፍበት ግቢ ውስጥ ነው። ብረት ከብረት የሚለየው፣ መዳቡን ነቅሎ የሚያወጣው እሱና ተረካቢው ናቸው። ይህን ሰው እንደ ቆሻሻ ለቃሚ የሚያይ ማኅበረሰብ የጥንቱን የባለ እጅ ንቀት በአዲስ ልብስ እየደገመው ነው። ለሥራው ሚዛን፣ የመለያ ሥልጠናና ሕጋዊ መታወቂያ መስጠት ከአንድ መዳመጫ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ግድብ መኖሩና ፋብሪካው በር ላይ መብራት አለመቋረጡ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1,500 ዲግሪ የቀለጠ ብረት በምድጃ ውስጥ እያለ ኃይል ከተቋረጠና ቶሎ ካልተመለሰ ብረቱ እዚያው ይረጋል፤ የምድጃው ውስጥ ልባስ ይሰነጠቃል፣ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ለእንጀራ ምጣድ የአንድ ሰዓት መጥፋት ማስቸገር ነው፤ ለማቅለጫ ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከአዲስ ማመንጫ ይልቅ ማሰራጫውና ማከፋፈያ ጣቢያው ነው የብረቱን ዕድል የሚወስነው።

«ባለ 50 ቆርቆሮ ቤት»

ገበያው ሰፊ ነው የሚሉት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች መነሻቸው ግልጽ ነው። የዓለም አማካይ የብረት ፍጆታ በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ የኢትዮጵያዊው የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላይ ሲባዛ ክፍተቱ ያስጎመጃል። ግን ፍላጎትና ገበያ አንድ አይደሉም። ጣሪያው የሚያፈስ ሁሉ ቆርቆሮ ይፈልጋል፤ የሚገዛው ግን ሰብሉ የተሳካለት ነው።

በከተማ የፌሮው ትልቁ ገዢ ግንባታ ነው፤ ከጀርባው ደግሞ ባብዛኛው መንግሥት አለ። የመንግሥት በጀት ሲለቀቅ ፌሮ ይጠፋል፣ ሲታጠፍ ፋብሪካው ያዛጋል። የገጠሩ ገበያ ግን ቀስ ያለና የማይቋረጥ ነው። ውጫሌ በምትገኝበት በአምባሰል ገጠር ቤት የሚለካው በካሬ ሜትር አይደለም፤ «ባለ 40 ቆርቆሮ»፣ «ባለ 50 ቆርቆሮ» ነው የሚባለው። ሙሽራ ሲታጭ፣ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የሚጠየቀው ይኸው ቁጥር ነው። ሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ብረት ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ሚስማሩ፣ ማጠፊያው፣ በሩና መስኮቱ ይከተላሉ፤ የብየዳ ቤቱ እንጀራም ከዚያ ነው። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴዎች የዓመቱን ሽያጫቸውን የሚገምቱት የመኸሩን አዝመራ እያዩ የሆነው ለዚህ ነው።

ከኢንዳክሽን ምድጃ ቆርቆሮ አይወጣም፤ ስስ ላሜራ ሌላ ዓይነት ንጽሕናና ሌላ ዓይነት ግዙፍ መዳመጫ ይፈልጋል። ታዲያ ፌሮ እዚህ መቅለጡ ለአምባሰል ገበሬ ምን ይፈይድለታል? መልሱ በዶላሩ በኩል ነው። ለቢሌት የሚወጣው ምንዛሪ በከፊል እንኳ ቢቀር ለጥቅል ላሜራ የሚሆነው ይሰፋል። ቆርቆሮው ደግሞ ዛሬ እየሳሳ ነው። ጌጁ ከፍ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ይቀጥናል፤ ዋጋው ሲያሻቅብ ገዢው ከ32 ጌጅ ወደ 35 ጌጅ ይወርዳል፣ በዓይን ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ የመጀመሪያው የበረዶ ዝናብ ግን ያውቀዋል።

የቻይናን ርካሽ ብረት ለምን አንገዛም የሚለው ጥያቄም መልስ ይገባዋል። ቻይና ከዓለም ብረት ከግማሽ በላይ ታመርታለች፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ ውጭ የላከችው ብቻ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ወደብ ላይ ከዚህ ዋጋ ጋር የሚወዳደር የለም። ውጫሌ ግን ወደብ አይደለም። ከጅቡቲ ጀምሮ የሚታከለው የጭነት ኪራይ፣ የመጋዘንና የባንክ ወጪ ከባድ ዕቃን ከሌላው ሁሉ በላይ ይጎዳል፤ ርካሽ የተባለው የሚገዛውም በዶላር ነው። ስለዚህ እዚህ ለሚያቀልጥ ጥበቃ ቢደረግለት እደግፋለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። 12 ሜትር የሆነ አንድ ቤርጋ 12 ቁጥር ፌሮ 10.65 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን አለበት። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንስ ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ይወርዳል፤ ገዢው ከስድስት ቤርጋ የአንዱን ያህል ብረት ተቀማ ማለት ነው። ፌራዮ በእጁ ሲያጥፈው ይሰማዋል፤ የቤቱ ባለቤት ግን አይሰማውም። ሚዛን ላይ የማይቆም ፌሮ የሚያወጣ ፋብሪካ በታሪፍ ከለላ መደበቅ የለበትም።

ሐዲዱ እንደተዘረጋ

የኮምቦልቻ አቀማመጥ ለዚህ ሁሉ የታሰበ ይመስላል። በባቲና ሚሌ በኩል ከአዲስ አበባ ይልቅ ለወደቡ ትቀርባለች፤ ቀድሞም የአሰብ መንገድ ከተማ ነበረች። የኢንዱስትሪ ባህል አላት፤ ፈረቃ የለመደ ሠራተኛ አላት። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የሰሜኑ ጦርነት ሲደርስባት ፋብሪካዎቿ ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል፤ ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ቀስ በቀስ የተነሡትም በሠራተኞቻቸው ብርታት ነው። በቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታው የተጀመረው ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር መስመር ደግሞ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው ሐዲድ ጋር ይገናኛል። በአዋሽና በኮምቦልቻ መካከል ሐዲዱ በአብዛኛው ተዘርግቷል፤ መደበኛ ባቡር ግን አልሄደበትም። ከዓመታት በፊት በብድር የተገዛ በሺዎች ቶን የሚቆጠር እጅግ ጥሩ ብረት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ተኝቷል፤ ከፊሉም ለዝርፊያ ተዳርጓል። ለአዲስ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ከማኖር በፊት ይህ መስመር ቢንቀሳቀስ፣ ቢሌቱ ሲወጣ ውድቅዳቂው ሲወርድ የሚጫንበት ባቡር ቢኖር፣ ኮምቦልቻ ላይ ማቅለጫ የመትከል ስሌት ይገጥማል። መስመሩ የሚሻው ደግሞ ከገንዘብ በላይ ሰላም ነው፤ ሐዲድ ብዙ ኪሎ ሜትር ጠባቂ የሌለው ንብረት ነውና።

እስከዚያ ድረስ ሥራው በአይሱዙ ነው። ከብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር የነበረው ክምር ተጠርጎ፣ ከተቀጠቀጠ ቆርቆሮ፣ ከብስክሌት ቸርኬና ከተሰበረ የውሃ ቧንቧ ጋር ተቀላቅሎ ሚዛን ላይ ይወጣል። ተረካቢው የሚዛኑን መርፌ ጎንበስ ብሎ ያነባል፤ ሻጩም አብሮ ጎንበስ ይላል፣ ግማሽ ኪሎም ብትሆን ይከራከራሉ። መኪናው በደሴ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። በሌላ ቀን በዚያው አስፋልት ሌላ አይሱዙ ፌሮ ጭኖ፣ ጫፉ ከጭነት ሳጥኑ አልፎ ወደ ኋላ እየተወዛወዘ፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ውጫሌ ይገባል። ብረቱ ወርዶ ከመደብሩ ግድግዳ ሥር ይጋደማል። ገዢው ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይስማማል፤ ነጋዴው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ቤርጋውን ይቆጥርለታል። ሚዛን የሚያመጣ የለም።